ፋይን አትበሉኝ

ሰው የጠላውን ይጠላል፤ ክረምት ይጠላል፣ አለቃ ይጠላል፣ የጎረቤት ውሻ ይጠላል። ቃል መጥላት ግን የቦዘነ ሰው ሥራ ይመስለኝ ነበር። አሁን ወጪት ሰባሪ በሉኝ እንጂ፣ ዓመታት እንጀራ የበላሁባትን አንዲት የእንግሊዝኛ ቅጽል እንደ ደመኛ እጠላታለሁ። ስሟ "ፋይን" ነው። ዋሽንግተንና ዙሪያዋ ባሉ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች በሐኪምና በታካሚ መካከል ቆሜ የማስተረጉም ሰው ነኝ፤ በቀን ስንቴ እንደምትወጣና እንደምትገባ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ያስገባኋትም እኔው።

መጀመሪያ ታስቀኝ ነበር። ሥራውን በጀመርኩበት ዓመት አንድ ሐኪም አንገቷ ላይ እባጭ ለወጣባት ሴት፣ "በፋይን ኒድል ትንሽ ናሙና እወስዳለሁ" አላት። እኔም ቸኩዬ "በጥሩ መርፌ ነው የሚወጋሽ" አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና "መጥፎውንስ ለማን አስቀምጠውት ነው?" አለችኝ። ቀጭን መርፌ ማለቱ ነበር። የባልደረባዬ ደግሞ ይብሳል። ትምህርት ቤት ተጠርቶ ሲያስተረጉም መምህሯ "ልጁ ፋይን ሞተር ላይ እገዛ ያስፈልገዋል" ትላለች፤ ባልደረባዬ "ሞተር" የሚለው ላይ ደርሶ ሲያንገራግር፣ ታክሲ ነጂው አባት ብድግ ብሎ "የምን ሞተር? መኪናዬን ማን ነካው?" ይላል። ነገሩ ቁልፍ መቆለፍና እርሳስ መያዝ ነው፤ የጣት ቅልጥፍና።

እኛ ዘንድ ዱቄቱ ልም ነው፣ ክሩ ቀጭን፣ ሸማው ስስ፣ ወርቁ ንጹሕ፣ ሰማዩ ብራ፣ ሐሳቡ ረቂቅ፣ ሰውየው ጨዋ፣ ልጅቷ ቆንጆ። እንግሊዝኛው ይህን ሁሉ ባንድ ቁና ይሰፍራል። ቁናው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት እህል አይይዝም። የወርቅ ነጋዴ "ፋይን" ሲል ከሺህ ስንቱ እጅ ወርቅ እንደሆነ መናገሩ ነው፤ 18 ካራቱ 750 ነው፣ የተጣራው ጡብ 999.9። የአየር ብክለት ባለሙያ "ፋይን ፓርቲክል" ሲል ደግሞ ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጥ ብናኝ ማለቱ ነው፤ ከሰው ጠጉር ሠላሳ ጊዜ ገደማ የሚቀጥን፣ ከመቅጠኑ የተነሳ ሳንባ ድረስ ዘልቆ የሚገባ። ቃሉ ያው "ፋይን"። አንዱ ጣት ላይ ይጠለቃል፣ ሌላው ይገድላል። አዲስ አበባ ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም ባቋቋሙት ትምህርት ቤት ሥዕል የተማረ ሰው እስካሁን "ፋይን አርት ነው የወጣሁት" ይላል፤ እዚያ ላይ እንኳን ቃሏ አላስቀየመችኝም።

ጥቁር አሜሪካውያን አፍ ውስጥ ስትገባማ ታምራለች። መልከ መልካም ሰው በመንገድ ሲያልፍ በረጅሙ እየተሳበች የምትወጣ ናት። ሺፎንስ የተባሉት ልጃገረዶች እ.ኤ.አ. በ1963 ገናና ያደረጉት ዘፈን ርዕሱ ራሱ "ሂዝ ሶ ፋይን" ነው፤ በኋላ ጆርጅ ሃሪሰን ዜማውን ሳያውቀው ወስዷል ተብሎ በ1976 ፍርድ ቤት የተረታበት ያ ዘፈን። ይህችኛዋን "ፋይን" ማንም አይንካብኝ። ጠቤ ከሌላዋ ጋር ነው።

ጠቤ "አይም ፋይን" ከምትለዋ ጋር ነው።

አሜሪካ በገባሁ በጥቂት ወሩ አንዲት የሥራ ባልደረባዬን ቤቴ ጠርቼ ቡና አፍልቼ ነበር። "ቡና ልቅዳልሽ?" አልኳት። "አይም ፋይን" አለችኝ። ጤንነቷን የነገረችኝ መስሎኝ "እግዜር ይመስገን" ብዬ ቀዳሁላት። እሷ ግን አልፈልግም ማለቷ ነበር። አልጠጣችውም። እኛ አገር እንግዳ አንዴ ሲጠየቅ "አይ፣ ይቅርብኝ" ይላል፣ ሁለተኛ ሲጠየቅ "ኧረ አልፈልግም" ይላል፣ ሦስተኛው ላይ "እንግዲያው ትንሽ" ይላል፤ ሦስቱንም ሳይጠይቅ የሚተው ባለቤት ንፉግ ነው። እዚህ የመጀመሪያዋ "ፋይን" በሩን ዘግታ ቁልፉን ይዛ ትሄዳለች። ባልና ሚስት ሲጣሉም እንደዚያው ነው። "ፋይን!" የተባለ ቀን ክርክሩ አልቋል፤ የተሸነፈው ግን ማን እንደሆነ ወደፊት ይታያል። አሥራ አምስት ዓመት የሆናትን ልጄን "ምን ሆነሻል?" ስላት ከተዘጋ በር ጀርባ የምትወረውርልኝም ይህችኑ ናት።

ለምን ሁልጊዜ የመዝጊያ ድምፅ እንዳላት የገባኝ ሥሯን ስከታተል ነው። ላቲኑ "ፊኒስ" ነው፤ ዳር፣ ወሰን፣ መጨረሻ። በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ ስትሻገር መጨረሻው ድረስ የተሠራ፣ የተጣራ፣ ምንም ያልቀረው ማለት ሆነች። የመኪና ማቆሚያ ቅጣቱ "ፋይን" የዚያው ቤት ልጅ ነው። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ የመሬት ሙግት በስምምነት ሲዘጋ መዝጊያው ውል "ፋይን" ይባል ነበር። ባንድ ብራና ላይ ሦስት ጊዜ ይጻፋል፤ ሁለቱን ተሟጋቾቹ ይወስዳሉ፣ የግርጌውን የንጉሡ ግምጃ ቤት ያስቀረዋል። ሦስተኛ ቅጂ ማስቀረቱ በ1195 ተጀምሮ ሥርዓቱ ራሱ የተሻረው በ1833 ነው። ነገር ለመጨረስ የሚከፈለውም ገንዘብ ስሙን ከዚያው ወሰደ። ትከፍላለህ፣ ያልቃል። ስለዚህ ነጩ ሐኪም ፊት ተቀምጠን "አይም ፋይን" ስንል፣ ቃሏ በስምንት መቶ ዓመት ጠባይዋን እንዳልለወጠች ልብ በሉ። ነገሩን ዘግተን፣ ፈርመን፣ የግርጌውን ለእነሱ ትተን እየወጣን ነው።

እኛ ግን እንዲህ አላልንም! እኛ ያልነው "ደኅና ነኝ" ነው።

"ደኅና" በ"ኀ" ይጻፋል፤ በሐመሩ "ሐ" ወይም በሃሌታው "ሀ" የሚጽፉትን ይቅር ብዬ አልፋለሁ። ሥሩ ግዕዙ "ድኅነ" ነው፤ ዳነ፣ ተረፈ። መድኃኒት ከዚያ ነው፣ መድኃኔ ዓለም ከዚያ ነው፣ የመኪና መድን ሳይቀር ከዚያ ነው። "ድኅነት" በ"ኀ" መዳን ነው፤ ፊደሉን ሳትህ "ድህነት" ካልክ ድኻ ሆነህ ትቀራለህ። እንግዲህ "ደኅና አደርሽ?" ማለት ሌሊቱ ሳይበላሽ ተረፍሽ ወይ ማለት ነው። "ደኅና ነኝ" የሚል ሰው እስካሁን አለሁ፣ አልሞትኩም ነው የሚለው። ከምን እንደተረፈ ገና አልነገረንም። ያ የሚመጣው ቆይቶ ነው፤ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ተጠያይቀን፣ እግር ታጥፎ፣ ጉሮሮ ተጠርጎ፣ "ብቻ ይቺ ወገቤ..." ተብሎ። የመጀመሪያው መልስ የደጁን መቀርቀሪያ ማንሳት ነው። ይህን ወስዶ በ"ፋይን" መተርጎም ደጁ ሲከፈት መዝጋት ነው። እኔ ለዓመታት ያደረግኩትም ይህንኑ ነው።

አንድ ቀን አንዲት እናት ነበሩ። የታካሚ ምስጢር ነውና ስማቸውንም አገራቸውንም አልነግራችሁም፤ ሌላውንም ሆን ብዬ ቀያይሬዋለሁ። ሐኪሟ ገባች፤ ወጣት፣ ሳቂታ፣ የደከማት። "ሃው አር ዩ ዱይንግ ቱዴይ?" አለች። "ዛሬ እንዴት ነዎት?" አልኳቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ የኔ ልጅ። አንቺስ ደኅና ነሽ? ልጆችሽስ?" አሉ። እኔም እንደ ደንቡ "ታንክ ጎድ፣ አይም ፋይን፤ ሃው አር ዩ፣ ሃው አር ዩር ኪድስ?" አልኩ። ሐኪሟ ልጅ የለኝም ብላ ሳቀች፤ ጣቷ ግን ኮምፒውተሩ ላይ ነበር። ሰረቅ አድርጌ አየሁ። ሕመም የለም የምትል መስመር ተጻፈች። የደም ግፊት መድኃኒታቸው ተራዘመ፣ ሦስት ወር ተቀጠሩ፣ ወጣን። ሩብ ሰዓት አልሞላም።

አሳንሰሩ ጋ ስንጠብቅ ግድግዳውን ደገፍ አሉና "ልጄ፣ ጋደም ብዬ ካደርኩ ሦስት ሌሊቴ ነው" አሉኝ። "ልተኛ ስል ትንፋሼ ቁርጥ ይላል። ወንበር ላይ ነው የማድረው።"

"እና ለምን አልነገሯትም?" አልኳቸው፤ ጮክ ብዬ ነበር።

"መቼ ጠየቀችኝ?"

"እንዴት ነዎት ብላ አልጠየቀችዎትም?"

አዘኑልኝ። "እሱማ ሰላምታ ነው። ሰው ሰላም ሲልህ በሽታህን ትዘረግፍበታለህ? ጨዋታው ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ተነስታ ሄደች።"

ይዣቸው ተመለስኩ። መቀበያው ላይ የተቀመጠችው ልጅ ማያዋን አየችና ትከሻዋን ሰብቃ "ፋይን ነኝ ብለዋል እኮ" አለችኝ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ለመናገር ጨዋ ቃል የለኝም። ፋይን ያሉት እሳቸው አይደሉም፤ እኔ ነኝ ያልኩት! አንድ ቃል እንግሊዝኛ ካፋቸው አልወጣም። ለምኜ፣ ቆሜ፣ ተጨቃጭቄ ሐኪሟ ወጣች። ጀርባቸው ላይ ማዳመጫውን አስቀመጠችና ወደ ታች፣ ከታችኛው ጎድን ጋ ስትደርስ ፊቷ ተለወጠ። ለነርሷ ምን አለቻት መሰላችሁ? "ፋይን ክራክልስ።"

ያቺው ቃል። ከአንድ ሰዓት በፊት ጤነኛ ናቸው ብላ የመሰከረችው፣ አሁን ሳንባቸው ውኃ ቋጥሯል ብላ መሰከረች። በሕክምና ቋንቋ ቀጭን፣ ደቃቅ ኩርሽም ኩርሽም የሚል ድምፅ ነው። ማዳመጫውን በ1816 የፈለሰፈው ፈረንሳዊው ሬኔ ላኔክ በጋለ ዕቃ ላይ ጨው ሲንጣጣ ከሚሰማው ጋር አመሳስሎታል፤ ምጣድ ላይ ጨው በትናችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ልባቸው ደክሞ ነበር። አምቡላንስ ተጠራ፤ አምስት ሌሊት ሆስፒታል ተኙ። አልሞቱም። ሌላ ሰው ግን፣ አስተርጓሚው አሳንሰር ሳይጠብቅ በደረጃ ወርዶ የሄደበት ሌላ ሰው፣ እንዴት እንደሆነ ማን ይነግረኛል?

እዚህ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው። እ.ኤ.አ. የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ከፌዴራሉ መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ተቋም ሰውን በትውልድ አገሩ እንዳያገል ይከለክላል፤ የአስተርጓሚ መብት የቆመው እዚያ ላይ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ በ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አወጣ፤ የከተማው መሥሪያ ቤቶች በአማርኛም ማስተናገድ አለባቸው። ከስፓኒሽና ከቻይንኛ እኩል! ለዚህ የለፉ ሰዎች አሉ፤ በየስብሰባው የጮኹ፣ ፊርማ ያሰባሰቡ። ይህ ሁሉ ተደክሞ ጆሮ ከተገኘ በኋላ፣ ጆሮው ውስጥ የምንጨምረው አንዲት "ፋይን" ከሆነ ምን ልንሆን ደከምን? ለእያንዳንዱ ቀጠሮ ሰዓት ቆጥረው ይከፍሉኛል፤ የሰላምታ ጥጥ ልወትፍ ነው የሚከፍሉኝ?

"ሙያው አትጨምር፣ አትቀንስ ይላል" የምትሉኝ ባልደረቦቼን አውቃችኋለሁ። እኔም በዚሁ ተሸሽጌ ኖሬአለሁ። ያው ደንብ ግን አለመግባባት ሲፈጠር ለሁለቱም ወገን በግልጽ አስታውቀህ ጣልቃ ግባ ይላል። እሱን ገጽ የምናልፈው ለምንድን ነው? ሐኪሙ ስለሚቸኩል፣ ቀጣዩ ቀጠሯችን ሌላ ሰፈር ስለሆነ፣ እና እውነቱን ልናገር፣ ጣልቃ የሚገባ አስተርጓሚ ዳግመኛ ስለማይጠራ ነው።

ልጆቻቸውን አስተርጓሚ አድርገው የሚወስዱትንማ ምን ልበላቸው! እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የፌዴራል ደንብ ከድንገተኛ አደጋ በቀር ሕፃን ልጅ እንዳያስተረጉም ከልክሏል። እናት ሩብ ሰዓት ሙሉ ስለ ማሕፀኗ ደም ትናገራለች፤ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አንገቱን ደፍቶ ጆሮው ቀልቶ "ሺዝ ፋይን" ይላል። ልጁ ምን አጠፋ? ሰሚውስ ሩብ ሰዓት ወሬ በሁለት ቃል ሲያልቅ አይጠረጥርም?

ሐኪሞችንም አልምርም። "ሃው አር ዩ" እያሉ መልስ የማይጠብቁ፣ መልስ ቢመጣም የሚደነግጡ። ጥያቄ ከሆነ ተቀምጣችሁ ጠይቁ፤ ሰላምታ ከሆነ ደግሞ እንደ ምርመራ ውጤት አትጻፉት! "ሌሊት ተኝተው ያድራሉ? በስንት ትራስ?" ብላችሁ ጠይቁ፤ ያን ጊዜ እናቶቻችን የትራሱን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ትራሱን የሰፋላቸውን ሰው ጭምር ይነግሯችኋል።

አሁን አንዱ ተነስቶ "ደኅናስ አይዋሽም ወይ?" ይለኛል። ይዋሻል! እኔ ራሴ የተዋሸብኝ ሰው ነኝ። አባቴ ሞቶ ሳለ ስደውል "ደኅና ነው፣ ወጣ ብሎ ነው" ይሉኝ ነበር፤ አንድ ሰንበት "ተኝቷል"፣ ሌላ ሰንበት "ቤተ ክርስቲያን ሄዷል"። ከብዙ ሳምንት በኋላ አንድ ንጋት በሬ ተንኳኳ፤ የአገሬ ልጆች፣ ነጠላ የለበሱ እናቶች፣ አንድ ቄስ። ገና ሳይናገሩ አወቅሁ። መርዶ ባሕላችን ነው፤ ለብቻው ሆኖ በስልክ እንዳይሰማ፣ ደጋፊ ይዞ እንዲያለቅስ ነው ይባላል። እስከ ዛሬ ተቀይሜአለሁ፤ እስከ ዛሬም ደግሞ እነዚያ ሴቶች ወገቤን ይዘው ባያስቀምጡኝ ምን እሆን ነበር እላለሁ። የ"ደኅና" ውሸት ቢያንስ ተመልሶ የሚመጣ ሰው አለው። "ፋይን" ብሎ የሸኘኝ ማንም ንጋት ላይ በሬን አንኳኩቶ አያውቅም።

በዚህ ላይ ደግሞ የራሳችን ኩራት አለ። ሁለት ሥራ እየሠራ፣ እግሩ አብጦ፣ ኪራዩ ሁለት ወር ተጠራቅሞበት "ኦል ፋይን!" እያለ አዲስ አበባ ያሉ ወንድሞቹን የሚያታልል ስንት አለ? ወንድሞቹም በተራቸው ልጆቻቸው ትምህርት አቋርጠው "ሰላም ነን፣ ፋይን ነን" ይሉታል፤ አሁንማ እነሱም ቃሏን ለምደዋል፤ ቦሌ ካፌ ውስጥ "እንዴት ነሽ?" ሲባሉ "ፋይን" የሚሉ ልጆች ሰምቼ ማኪያቶዬ ጉሮሮዬ ላይ ቀርቷል። ያቺን ያህል ቦታ የሚፈጀውን "ደኅና" ለመናገር ምን ሰነፉ? ከምንም የተረፉ ስላልመሰላቸው ይሆን?

አሁን ታካሚ "ደኅና ነኝ" ሲለኝ እንዲህ አደርጋለሁ። ያለውን እላለሁ፤ ከዚያ እጄን አንስቼ "አስተርጓሚው ነው የሚናገረው፤ ይህ የሰላምታ ምላሽ ነው፣ እባክዎ እንደገና ይጠይቁ" እላለሁ። አንዳንዱ ሐኪም ያመሰግነኛል፤ አንዱ በአሠሪዎቼ ዘንድ ከሶኝ "ከሚናው ውጭ ይወጣል" የሚል ደብዳቤ ፋይሌ ውስጥ አለ። ደብዳቤውን ሲሰጡኝ "አሁን ተግባብተናል፣ ፋይን?" አሉኝ። አይደለም አልኳቸው። መልሴ እስከ ዛሬ ያሳቃቸዋል መሰለኝ።

ባለፈው ፋሲካ እኒያን እናት ቤተ ክርስቲያን ደጅ አገኘኋቸው። ከታካሚ ጋር ውጭ መወዳጀት ደንቡ አይፈቅድም፤ ግን ደጁን ስመው ሲነሱ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን፣ ምን ላድርግ? ጉንጬን ስመው "ደኅና ነህ?" አሉኝ።

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ።"

"ቤትህ? ልጅህ?"

"ደኅና ናቸው፣ ይመስገን።"

ድንጋዩ ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ፤ ከጎናቸው ያለውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረጉና "ተቀመጥ እስቲ" አሉ። "ከስተሃል።"